የ51 በመቶው ደንብ ምንድን ነው?

በየዓመቱ በጁላይ መጨረሻ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ ከ10,000 በላይ አውሮፕላኖች ይሰበሰባሉ። ልጆቹን ይዞ ሣር ላይ በተደረደሩት አውሮፕላኖች መሀል የሚዘዋወር ቤተሰብ በብዙዎቹ መግቢያ አጠገብ «ኤክስፐሪመንታል»፣ ማለትም «የሙከራ»፣ የሚል ጽሑፍ ያያል። ከእነዚህ ብዙዎቹን የሠሩት ተራ ሰዎች ናቸው፤ የተሠሩትም መኪና በሚቆምበት ጋራዥ ውስጥ ነው።

ይህን የሚፈቅደው በተለምዶ የ51 በመቶ ደንብ የሚባለው ነው። ለመማር ወይም ለመዝናናት ብሎ የአውሮፕላኑን አብላጫ ሥራ ራሱ የሠራ ሰው፣ የፋብሪካ አውሮፕላን የሚያልፍበትን ረጅም የማረጋገጫ ሂደት ሳያልፍ ከኤፍኤኤ፣ ማለትም ከአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ የበረራ ፈቃድ ያገኛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አብላጫው በምን እንደሚለካ ነው። የወጣው ገንዘብ ወይም የአካሉ ክብደት አይቆጠርም። የሚቆጠረው የሥራው ዓይነት ነው፦ ክንፉን ማን ገጣጠመው? የጅራቱን ቆርቆሮ ማን ቀረጸው? ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ጎማና የበረራ መሣሪያዎች ተገዝተው ቢመጡ ችግር የለም። በከፊል የተዘጋጀ ኪት፣ ማለትም ለመገጣጠም የቀረበ የአካል ክፍሎች ስብስብ፣ መግዛትም ይቻላል። ገንዘብ ተከፍሎት የሚሠራ ባለሙያ የሠራው ግን ለአብላጫው አይታሰብም። ባልና ሚስት፣ ጓደኛሞች ወይም አንድ ክፍል ተማሪዎች ተባብረው ቢሠሩ ይፈቀዳል። አብላጫውን ራሳቸው መሥራታቸውን ለማሳየትም ሠሪዎች እያንዳንዱን እርምጃ ፎቶ እያነሱ በመዝገብ ይይዛሉ።

ልጆች ይህን በዓይናቸው እንዲያዩ ከፈለጋችሁ የቆርቆሮ ሥራ ወደሚታይበት ድንኳን ውሰዷቸው። ሁለቱ የአሉሚኒየም ቆርቆሮዎች መጀመሪያ ክሌኮ በሚባሉ ትንንሽ መያዣዎች ይጣበቃሉ። ከዚያ አንዱ ሰው ሪቬቱን፣ ማለትም ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዘውን ምስማር መሳይ ብረት፣ ከፊት በአየር መዶሻ ሲመታ፣ ሌላው ከኋላ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ብረቱ ትንሽ ካዘነበለ ሪቬቱ ይጣመማል፤ በመሰርሰሪያ ወጥቶ እንደገና ይመታል። አንድ ክንፍ እንዲህ ያሉ ሪቬቶች በሺህ የሚቆጠሩ ይፈልጋል። እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ትዕግሥት ነው።

ሥራው አለቀ ማለት ቤተሰብ ተሳፍሮ ይሄዳል ማለት አይደለም። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ይመረመራል፤ ቀጥሎ በተወሰነ ክልል ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት የሙከራ በረራ ያደርጋል። በዚያ ጊዜ መንገደኛ መጫን ክልክል ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ አውሮፕላኑ በግለሰብ የተሠራና የመደበኛ አውሮፕላን የደኅንነት ደንብን የማያሟላ መሆኑን የሚናገር ማስጠንቀቂያ ተሳፋሪ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ይህ ግልጽነት ተገቢ ነው፤ የሚሳፈር ሰው አውቆ መሳፈር አለበት።

በእኛም አገር አስመላሽ ዘፈሩ ኬ-570ኤ ያላትን አውሮፕላን ራሱ ሠርቶ በ2007 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ ለማብረር ሞክሯል። እንደ እሱ ላሉ ሰዎች እንዲህ ያለ፣ ተመርምሮና ተፈትኖ በሕግ የሚበረርበት መንገድ ቢዘረጋ ከልቤ ደስ ይለኛል።

ኦሽኮሽ ለምትሄዱ፦ ክንፍም ሆነ ፕሮፔለር ባለቤቱን ሳታስፈቅዱ አትንኩ። ሠሪው አጠገቡ ከተቀመጠ ግን ልጆቻችሁ ይጠይቁት፤ አብዛኞቹ ለማስረዳት አይሰስቱም። ዝግጅቱን የሚያሰናዳው ማኅበር፣ ኢኤኤ፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ8 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በፈቃደኛ ፓይለቶች ነፃ በረራ ያዘጋጃል። በየአካባቢው ባሉ ቅርንጫፎቹ በኩል ስለሚካሄድ፣ ለዚያ ኦሽኮሽ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የወላጅ ፈቃድ ግን ግዴታ ነው።