የጥፍር ፈንገስ ምንድን ነው? ከጉንፋንና ከኮቪድ መጽናት ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

ክረምት ከገባ ወዲያ፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ በጎጃም የማቻክልም ሆነ የደብረ ኤልያስ ገበሬ እግሩ ከጭቃ አይወጣም። ከእርሻ የተመለሰ ሰው ቦቲውን አውልቆ እግሩን ሲታጠብ ልብ ብሎ ለተመለከተ የሚታይ ነገር አለ፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ቢጫ ሆኖ ወፍሯል፣ ጫፉ ከሥጋው ለቅቆ ተነሥቷል፣ ሥሩም እንደ ጤፍ እብቅ በሚረግፍ ነጭ ብናኝ ተሞልቷል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ስለዚህም ለዓመታት ጉዳዬ የሚለው አይገኝም። የጥፍር ፈንገስ የሚባለው ይህ ነው።

ፈንገስ የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ቢሆንም ዘመዶቹን በቤት ስማቸው እናውቃቸዋለን። በልጆች ገላ ላይ ክብ እየሠራ የሚወጣው ጭርት፣ የራስ ጠጉርን የሚያረግፈው ቆረቆር፣ ቆዳን የሚያዥጎረጉረው ቋቁቻ ሁሉም የፈንገስ ሥራ ናቸው። የእግር ጥፍርን የሚያበላሸው በአብዛኛው ትራይኮፋይተን ሩብረም የተባለው፣ ከጭርት አምጪዎች ወገን የሆነ ዝርያ ነው። ምግቡ ኬራቲን ነው፤ ኬራቲን ማለት ጥፍር፣ ጠጉርና የላይኛው የቆዳ ሽፋን የተሠሩበት ጠንካራ ፕሮቲን ነው። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ በእግር ጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ አርሶና አንጥቶ ይልጠዋል፤ ከዚያም በጥፍሩ ጫፍ በኩል ወደ ሥር ይገባል። የእጅ ጥፍር ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል፤ ጠላ ስትጠምቅ፣ ሊጥ ስታቦካ፣ ዕቃ ስታጥብ ውላ እጇ የማይደርቅ ሴት የጥፍሯ ዙሪያ ሲያብጥና ሲቀላ ካንዲዳ የተባለው ሌላ ፈንገስ ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከዘመድ ወዳጅ ደጋግሞ ቀርቦልኛል፤ ጥፍሩ የተበላሸ ሰው ጉንፋንና ኮቪድ የሚጸናበት ፈንገሱ ወደ ሳንባው ስለሚወጣ ነው ወይ የሚል ነው። አይደለም። የጥፍር ፈንገስ የሚኖረው በሞተ ኬራቲን ውስጥ ነው፤ የሚስማማውም ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሆነ 37 ዲግሪ የሚሞቀው የውስጥ ገላችን አይመቸውም። በጤነኛ ሰው ከጥፍር ተነሥቶ በደም አይጓዝም፣ ሳንባም አይደርስም። የኢንፍሉዌንዛ (የብርቱ ጉንፋን) እና የኮቪድ ቫይረሶች በበኩላቸው በአፍንጫና በጉሮሮ ገብተው የመተንፈሻ አካላትን ሕያው ሕዋሳት ያጠቃሉ። ሁለቱ ሕመሞች የሚውሉበት መስክ አይገናኝም።

ይህ ማለት ግን ሰዎች ያዩት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የጎጃም ሰው በቅርብ የሚያውቀው አንድ ምሳሌ አለ። በቆላና በወይና ደጋ ቀበሌዎች እሸት በቆሎ መብላት ወባ ያመጣል የሚል እምነት ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። እሸቱ በሚደርስበት በመስከረም ወባም ስለሚነሣ ሁለቱ አብረው ይታያሉ። በቆሎ በልቶ ወባ የሚይዘው ሰው የለም፤ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ነገር ግን በቡሬ አካባቢ የተደረገ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባ እንደሚበረታ አሳይቷል፤ ምክንያቱም የበቆሎው የአበባ ብናኝ ኩሬ ውስጥ ሲወድቅ የትንኟ እጮች ተመግበውት ይፋፋሉ። ስለዚህ ሕዝቡ አብረው የሚመጡትን ሁለት ነገሮች አጥርቶ አይቷል፤ የሳተው የሚያገናኛቸውን መንገድ ነው። በጥፍር ፈንገስና በመተንፈሻ አካላት ሕመም መካከልም መጠየቅ ያለበት ይኸው መንገድ ነው፤ የሁለቱንም በር የከፈተ ሦስተኛ ነገር አለን?

አለ፤ ከሁሉም በፊት የሚጠቀሰውም የስኳር በሽታ ነው። ስኳሩ ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ሰው ወደ እግሩ የሚወርደው ደም ይቀንሳል፣ የእግሩ ነርቭ ይደነዝዛል፣ ተሕዋስያንን የሚዋጉት ነጭ የደም ሕዋሳትም ይዳከማሉ። በዚህ ምክንያት የጥፍር ፈንገስ በስኳር ሕመምተኞች ላይ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል፤ ኢንፍሉዌንዛም ሆነ ኮቪድ ሲይዛቸው ሕመሙ ይጸናባቸዋል። ዕድሜም እንዲሁ ነው፤ በሸመገለ ሰው ጥፍሩ በዝግታ ስለሚያድግ ፈንገሱ ጊዜ ያገኛል፣ የሰውነት መከላከያውም ስለሚደክም ቫይረሱ ይበረታል። ፈንገሱ ከጥፍሩ ጫፍ ሳይሆን ከቆዳው ሥር ከሚበቅልበት በኩል በነጭ መልክ ከጀመረ ደግሞ ኤች አይ ቪ መመርመር ይገባል፤ ይህ ዓይነቱ አመጣጥ በጤነኛ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ደምበጫ አጠገብ የሚኖሩት አጎቴ የሁለት እግራቸው አውራ ጣት ጥፍር እንደ ቀንድ ጠንክሮ ለዓመታት ቆይቷል። ከአንድ መድኃኒት ቤት ቅባት እየገዙ አንድ ዓመት ሙሉ ሲቀቡ ስኳርዎን ተለክተው ያውቃሉ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ኮቪድ ይዟቸው ኦክስጅን ተሰክቶላቸው በተኙ ጊዜ አንዲት ነርስ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግራቸውን አየችና «አባባ፣ ውኃ ውኃ ይልዎታል? ሌሊት ለሽንት ይነሣሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። በማግስቱ ስኳር እንዳለባቸው ታወቀ። ጥፍራቸው ለኮቪዱ መጽናት ምክንያት አልነበረም፤ ከኮቪዱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ግን ምልክት ይሰጥ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ጥፍሩ የወፈረ ሁሉ ስኳር አለበት ማለት አይቻልም። እግሩ ቀኑን ሙሉ በቦቲ ታፍኖ የሚውል ጤነኛ ወጣትም በዚህ ይያዛል። ከዚህም በላይ መልኩ ከተለወጠ ጥፍር ወደ ግማሽ የሚጠጋው ብቻ ነው ፈንገስ ሆኖ የሚገኘው፤ ቀሪው ድንጋይ የመታው፣ ጫማ ያጠበበው ወይም የሌላ የቆዳ በሽታ ምልክት ነው። ስለዚህ ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ከጥፍሩ ሥር ብናኙ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ግንኙነቱ በተቃራኒውም አቅጣጫ ይሄዳል። ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን የኮቪድ ታማሚዎች ሕይወት እንደሚያድን በ2020 እ.ኤ.አ. ተረጋግጧል፤ ነገር ግን ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ፈንገስን የሚዋጋበትን ኃይልም ይቀንሳል። በ2021 እ.ኤ.አ. በህንድ ከኮቪድ ያገገሙ ብዙ ሰዎችን የፊት አጥንትና ዓይን ያጠቃው ጥቁር ፈንገስ የተባለው ሕመም በብዛት የታየው ስኳር ባለባቸውና እንዲህ ያለ መድኃኒት በወሰዱ ሰዎች ላይ ነበር። ያ ፈንገስ ከጥፍሩ ፈንገስ ጋር ዝርያው ፈጽሞ ይለያል፤ ነገሩን ያነሣሁት ማንም ሰው ለጉንፋን ብሎ ዴክሳሜታዞንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይወስድ ነው።

ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ቅባት በወፈረ ጥፍር ውስጥ ዘልቆ ስለማይገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው የሚዋጥ ተርቢናፊን ነው፤ ለአዋቂ በቀን 250 ሚሊግራም፣ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት። ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የጉበት ምርመራ ይቀድማል። ኢትራኮናዞል የተባለው ሌላው መድኃኒት ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ መናገር ያስፈልጋል። ክኒኑ አልቆም ጥፍሩ ወዲያው አይታደስም፤ የእግር ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመተካት ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጅበታል። በዚህ መካከል እግርን ታጥቦ በጣቶች መካከል በደንብ ማድረቅ፣ ቦቲን በፀሐይ ማስጣት፣ የጥፍር መቁረጫን ለየብቻ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ተመልሶ ይመጣል። ቀዩ አፈር ዝሆኔ በሚያመጣበት በጎጃም ምድር እግርን መታጠብና ጫማ መልመድ ለዚያም ይጠቅማል፤ ዝሆኔ ግን የፈንገስ ሕመም አይደለም።

አጎቴ ክኒናቸውን ከጨረሱ 7 ወር ሆኗቸዋል። ከጥፍራቸው ሥር ጥርት ብሎ የወጣው አዲሱ ጥፍር አሮጌውን ቢጫ እየገፋ ግማሽ ደርሷል፤ ስኳራቸውንም በየወሩ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ይለካሉ።