ከነዶው መዝዛችሁ ተዉላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ነሐሴ ለጎንደር ድሃ ከባድ ወር ነው። ያለፈው ዓመት እህል እያለቀ፣ አዲሱ ገና ማሳ ላይ ነው። ጤፍ ይወደዳል። መስከረም ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይዞ ይመጣል። ከቀዬው ተፈናቅሎ ከተማችን የገባ ወገን ይብስበታል፤ ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ እንኳ የለውም።

በዚህ ወር ደጋግሜ የማነበው መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2ን ነው። ሩት ባሏ የሞተባት ሞዓባዊት ናት። ከአማቷ ከኑኃሚን ጋር ቤተ ልሔም የገባችው በገብስ አጨዳ ነው። ባለ እርሻ ዳር ዳሩን አጥርቶ እንዳያጭድ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅም ሕጉ ያዛል (ዘሌ 19፥9)፤ የድሃና የመጻተኛ ድርሻ ነው። ሩት የቃረመችበት እርሻ ባለቤት ቦዔዝ ይህን ቢፈጽም ይበቃው ነበር። እሱ ግን አጫጆቹን ጠርቶ፣ ከነዶው ራሱ ሆን ብላችሁ እየመዘዛችሁ ተዉላት፣ ስትቃርምም አታሳፍሯት አላቸው። ማታ ስትወቃው አንድ የኢፍ መስፈሪያ ገብስ ሆነ። ወደ 20 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ደምቢያ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቃርሚያ አንድ አንድ ዘለላ ነው፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል አይገኝም። ኑኃሚንም የት እንደቃረመች የጠየቀቻት ገብቷት ይመስለኛል። ሩት ግን በእጇ ለቅማ፣ ራሷ ወቅታ፣ ቀና ብላ ነው ቤቷ የገባችው።

እኛ ይህን የተማርነው አጥፍተን ነው። በሰፈራችን በ21 የምንጠጣው የእመቤታችን ጽዋ ማኅበር አለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድግሱን ቀነስ አድርገን፣ የተረፈውን ለተቸገሩ ጎረቤቶች እናውለው ተባባልን። ዱቄትና ዘይት ገዛን። ከቅዳሴ በኋላ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ስም እየጠራን አደልን። ጠሪው እኔ ነበርኩ። ድምፄ ደግሞ አይታማም፣ እስከ ደጀ ሰላሙ ይሰማል። አንዲት እናት ስማቸውን ስጠራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወጡ። ዱቄቱ እዚያው ቀረ።

አሁን ስም የሚያውቁት ሙሴው (የማኅበራችን መሪ)፣ የንስሐ አባታችንና አንዲት የማኅበሩ እናት ብቻ ናቸው። ባለሱቁ ጋ ሄደው የሰው ዱቤ ይከፍላሉ፤ ባለዕዳው "ተከፍሏል" ከሚለው በቀር የሚሰማው የለም። ፎቶ አናነሳም። (ሰፈሩን ያልጠቀስኩትም ለዚህ ነው።) ሙሴው ግን ወጪና ገቢውን ሳንቲም ሳይቀር ደብተር ላይ ይጽፋል። አንዳንዱ ወንድም "ይሄ የቢሮ ሥራ ነው" ይላል። ሐዋርያት እንደዚያ አላዩትም። መበለቶች ከዕለት ምግብ ተረሱ የሚል ማጉረምረም ሲነሳ ሰባት ሰዎች አስመረጡ፤ መስፈርቱም መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ይሁኑ የሚል ነበር (ሐዋ 6፥3)። ለማዕድ እኮ ነው! ቅዱስ እስጢፋኖስ ከእነዚህ አንዱ ነው።

እኚያን እናት ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ስለ ዱቄቱ አንድ ቃል አላነሱም። ድፎ ዳቧቸው በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ሙሴው ይህን ሲሰማ የማኅበሩን ድፎ እሳቸው እንዲጋግሩ ለመናቸው። አሁን የ21 ድፎ ከእሳቸው ቤት ነው የሚመጣው፣ በዋጋው። አንዴ ገንዘቡን ቆጥረው "ይሄማ በዛ ልጄ" አሉት።

"ስንዴ ጨምሮ እኮ ነው እማማ።"

ስንዴ ጨምሯል። ያን ያህል ግን አልጨመረም።

የመስከረም ተረኛ እኔ ነኝ። አንድ ድፎ ይበቃናል፤ ሁለት አዝዣለሁ።