«ፋት» እና «ወፈርሽ» አንድ አይደሉም
የደብረ ማርቆስ ልጆች፣ «ወፈርሽ»ን በእንግሊዝኛ «ፋት» (ወፍራም) ብንለው ምን አለበት እያላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ ልመልስ። እኛ ጎጃም ከርሞ የመጣ ዘመድ ስናገኝ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ!» እንላለን፤ ሙገሳ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሰውን ፊት ለፊት «ፋት» ማለት ነውር ነው፣ ይሄ እርግጥ ነው። «ኦቨርዌይት» የሐኪም ቤት ቃል ነው፣ ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ ሲበዛ የሚባል፤ ለሰላምታ አይሆንም። «ቸቢ» (ድንቡሽቡሽ) ለሕፃን ጉንጭ ሲሆን ፍቅር አለበት፣ ለአዋቂ ሲሆን ግን እንደ ሰዉና እንደ ቅርበቱ ይለያያል፣ አንዷ ትስቃለች ሌላዋ ታኮርፋለች። ታዲያ አማርኛ የማትሰማ የአክስታችሁ ልጅ ከውጭ ስትመጣ ምን ትሏታላችሁ? «ዩ ሉክ ግሬት» በሏት፤ «አማረብሽ» እንደማለት ነው። ውፍረቱን ተዉት። ሥጋ ላይ ከሆነ ግን «ፋት» ጮማው ነው፣ እንደልባችሁ በሉት።