ግርግም የሚነክስ ፈረስ፦ ምክንያቱና አያያዙ

ፈረሱ ፉርሽካውን ጨርሶ ግርግሙን ልሶ ልሶ አጽድቷል። ከዚያ የላይ የፊት ጥርሶቹን ጠርዙ ላይ ያሳርፋል። አንገቱን ቆልመም ያደርግና ወደ ኋላ ይስባል። ከጉሮሮው ሥር ያሉት ጡንቻዎች ተገትረው ይወጣሉ። "እህ" የሚል አጭር ድምፅ ይሰማል። ይለቃል፤ ጠርዙን ላስ ላስ ያደርጋል፤ ደግሞ ይነክሳል። ማንም ካልረበሸው ለሰዓታት ሊቀጥል ይችላል። ክፉኛ የለመደበት ፈረስ ከቀኑ ሩቡን፣ አንዳንዱም ግማሹን በዚሁ ያሳልፋል።

ግርግም መንከስ ወይም አየር መሳብ የምንለው ይህንን ነው። እንጨት ከመብላት ጋር ሊምታታ አይገባም። እንጨት የሚበላ ፈረስ ይሰነጥቃል፣ ያኝካል፣ ይውጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሣር አንሶታል ማለት ነው። ግርግም የሚነክሰው ግን እንጨቱን አይፈልገውም። የሚፈልገው ጥርሱን የሚያሳርፍበት ነገር ነው። የበርሜል ጠርዝ፣ አጥር፣ የጋሪ እንጨት፣ የብረት በር፣ ሁሉም ይሆነዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይነክስ በባዶው አንገቱን ቆልምሞ አየር መሳብ ይለምዳል።

ሰው ሳይጠብቃቸው መንጋ ሆነው በሚኖሩ ፈረሶች ላይ ይህ ልማድ አይታወቅም። እኛም አገር ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥ ኩንዱዶ ተራራ ላይ እንደዚያ የሚኖሩ ፈረሶች አሉ። ነገሩ ከመታሰርና ከመኖ አሰጣጥ ጋር የመጣ ነው። ስለዚህ "አመለኛ ፈረስ" ብሎ ከመደምደም በፊት አዳሩንና አመጋገቡን ማየት ይሻላል።

ሐዋሳ ውስጥ ፈረስ ማለት ባብዛኛው የጋሪ ፈረስ ነው። ለፈረስ ክብር የሚሰጥ ባህል አላጣንም። ሲዳሞን ያስተዳደሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ "አባ ነፍሶ" የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። የከተማው ፈረስ ኑሮ ግን ሌላ ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪ ከዋናው አስፋልት ወደ ዳር ዳር ሰፈሮች ተገፍቷል። ሰው ከመጫን ይልቅ ሲሚንቶ፣ አሸዋና እህል ሲያመላልስ ማየት ይቀላል። "ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው" ይባላል። ሐዋሳ ላይ ፈረሱ አለ፤ ሜዳው ነው በቤት እየተያዘ ያለው። ደጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲግጥ ያደገ ፈረስ ከተማ ሲገባ ምግቡ በማዳበሪያ ከረጢት ተለክቶ ይመጣለታል። ቀን ይጎትታል። ማታ ግቢ ውስጥ በአጭር ገመድ ይታሰራል። ፉርሽካ ይቀርብለታል፤ ጭድ ከተገኘ ጭድ ይጨመርለታል። ፉርሽካው ወዲያው ያልቃል። ሌሊቱ ግን ረጅም ነው።

ስለዚህ ልማድ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ከአውሮፓና ከአሜሪካ የስፖርት ፈረሶች ጋጣ የመጣ ነው። እዚያ ያለው ፈረስ ቀኑን ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቆማል። የጋሪ ፈረስ ችግር መቆም አይደለም፤ እንዲያውም ዕረፍት ነው ያጣው። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የሆድ ነገር ነው። እህልና ፉርሽካው ይበዛል፣ ሣሩ ያንሳል።

የፈረስ ሆድ የተሠራው ለትንሽ ትንሽ፣ ግን ለማያቋርጥ ምግብ ነው። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ከ24 ሰዓት ውስጥ 16 ሰዓት ያህል ሊግጥ ይችላል። ጨጓራው ከአካሉ አንጻር ትንሽ ነው፤ የትልቅ ፈረስ ጨጓራ እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው የሚይዘው። በላም አልበላም፣ ጨጓራው አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። ያንን አሲድ የሚያለዝበው ምራቅ ነው። የፈረስ ምራቅ ደግሞ እንደ እኛ ምግብ በማሽተት ብቻ አይመጣም፤ ሲያኝክ ነው የሚወጣው። አንድ ኪሎ ድርቆሽ 40 ደቂቃ ያህል ያስኝከዋል። አንድ ኪሎ እህል ግን በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ልዩነቱ የ30 ደቂቃ ምራቅ ነው። በቀን ሁለቴ ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ፈረስ ጨጓራው ለብዙ ሰዓት በባዶው አሲድ ይዞ ይቆያል ማለት ነው።

ልማዱ ከጨጓራ ቁስለት ጋር ሲያያዝ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ግርግም መንከስ በጀመሩ ውርንጭሎች ጨጓራ ውስጥ ከሌሎቹ የባሰ መቆጣትና ቁስለት ታይቷል። ፈረሱ ምራቅ ፍለጋ ነው የሚነክሰው የሚሉ አሉ፤ ይህ ገና አከራካሪ ነው። አከራካሪ ያልሆነው የምግቡ ሚና ነው። እንግሊዝ አገር 225 ውርንጭሎችን ለ4 ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ። ከእነዚህ ውስጥ 10.5 በመቶው ግርግም መንከስ ጀምረዋል። አብዛኞቹ የጀመሩት ገና በ5 ወር ዕድሜ አካባቢ ነው። ጡት ከጣሉ በኋላ የተመጣጠነ የእህል መኖ የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ በ4 እጥፍ ለልማዱ ተጋልጠዋል። ከእናታቸው ተለይተው ጋጣ የተዘጋባቸውም ሜዳ ላይ ከተለቀቁት የባሱ ነበሩ። እንግዲህ ገዢው ዛሬ የሚያየው ልማድ ብዙ ጊዜ ፈረሱን ሳያውቀው በፊት የተተከለ ነው።

ጣፋጭ ነገር ደግሞ ይቀሰቅሰዋል። የሚነክስ ፈረስ በጣም የሚነክሰው ልክ እህል ወይም ሞላሰስ የተቀላቀለበት መኖ በልቶ ሲጨርስ ነው። በአንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር የሚሠራበት መንገድ ከሌላው ፈረስ ይለያል። በዘር የሚወረስ ነገርም አለበት፤ ለእሽቅድምድም የሚዳቀሉት የእንግሊዝ ፈረሶች ከሌሎች ዝርያዎች ይበልጥ ይጠቁበታል። አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ ያስጀመረው ምክንያት ቢወገድም ልማዱ ሊቀር ይችላል። ጭንቀት ሲመጣ ደግሞ ያገረሻል።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይባላሉ። አንደኛው፣ ፈረሱ አየር ውጦ ሆዱ ይነፋል የሚለው ነው። በራጅ ሲታይ አየሩ የሚገባው ወደ ጉሮሮው የላይኛው ክፍል ነው። አብዛኛው ተመልሶ ይወጣል፤ ጨጓራ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለተኛው፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይጋባል የሚለው ነው። አብረው የሚያድሩ ሁለት ፈረሶች ቢነክሱ መኖውና አዳሩ አንድ ስለሆነ ይሆናል። ተጋባ ተብሎ ብቻውን ጥግ የሚታሰር ፈረስ ደግሞ ይብስበታል። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቸኝነት ራሱ ያስጨንቀዋል።

ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። የላይ የፊት ጥርሶች ጠርዝ በስለት የተላገ ያህል ያልቃል። ከባሰ ሣር መንጨት ያቅተዋል። ሲነክስ ስለማይበላ ይከሳል። የሚያስፈራው ግን ቁርጠት ነው። ከጉበት አጠገብ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ አለች። ግርግም በሚነክሱ ፈረሶች ላይ ትንሹ አንጀት እዚያች ቀዳዳ ውስጥ የመሰካቱ አደጋ ከሌሎቹ በብዙ ይጨምራል። ይህ ያለ ቀዶ ሕክምና አይፈታም። ፈረሱ መሬት ከጫረ፣ ዞሮ ዞሮ ጎኑን ካየ፣ ካላበው፣ ተኝቶ ከተንከባለለ፣ "ነገ ይሻለዋል" የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ከጋሪው ፈትቶ፣ መኖ ከልክሎ ሐኪም መጥራት ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር በመሆኑ ከተማው ባለሙያ የለውም አይባልም።

አያያዙ ከሆድ ይጀምራል። ፈረስ በቀን ቢያንስ ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ሣር ወይም ድርቆሽ ያስፈልገዋል፤ ይህም በደረቁ ሲመዘን ነው። 200 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ዝቅተኛው ነው፤ ለሚጎትት ፈረስ ከዚህ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ከሐዋሳ ዳር፣ ከጥቁር ውሃ ወይም ከቱላ በኩል ታጭዶ የሚመጣ ሣር፣ በደረቁ ወራት የሚገዛ ድርቆሽ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው፤ ይገባኛል። ፉርሽካ ሆድ ቶሎ ይሞላል፤ ለመሸከምም ይቀላል። ግን ባለጋሪው አንድ ብር ብቻ ቢተርፈው ፉርሽካ ከሚጨምርበት ሣር ቢጨምርበት እመርጣለሁ።

ከመጠኑ እኩል ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ያለ ሣር የሚቆይበት ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስለዚህ ለሌሊቱ ማሰብ ያስፈልጋል። ድርቆሹን ከቃጫ ገመድ በተሠራ ጠባብ ዓይን ባለው መረብ ከሰቀሉለት እየነጨ ረጅም ሰዓት ይቆያል። መረቡ እግሩ እንዳይገባበት ከፍ ማለት አለበት። ፉርሽካው ሣሩን ከቀመሰ በኋላ፣ ተከፋፍሎ ቢሰጠው ይሻላል። ቀን ደንበኛ በሚጠበቅበት ሰዓትም ትንሽ ሣር ከጋሪው ላይ ወርዶ ፊቱ ቢቀመጥ ትርፍ ነው። መኖ በአንድ ጊዜ አይቀየርም፤ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ ይለመዳል። ጭድ ለሚበዛበት ፈረስ ውሃ በደንብ ካልቀረበ ሆዱ ይደርቃል። ጨውም አይረሳ። ሥራ በሌለበት ቀን ደግሞ ከሌላ ፈረስ ጋር ሣር ላይ ቢለቀቅ መድኃኒት ነው።

የጨጓራ ቁስለት ከተጠረጠረ ለሰው የሚታዘዘው ኦሜፕራዞል ለፈረስም ይሠራል። መጠኑን ግን ሐኪም ይወስን።

አሁን ወደ ማስቆሚያዎቹ። ዱላ ጥቅም የለውም፤ ያስጨንቀዋል፣ ጭንቀት ደግሞ ያስነክሰዋል። በርበሬ ወይም መራራ ነገር ጠርዙ ላይ መቀባት አዲስ ጀማሪውን ሊያግደው ይችላል፤ የለመደው ሌላ ጠርዝ ይፈልጋል። ውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ የአንገት ቀበቶ አለ። ፈረሱ አንገቱን ሲቆለምም ይጫነውና ያስቸግረዋል። ቀበቶው ታስሮ እያለ መንከሱ ይቀንሳል፤ ሲፈታ ግን ያመለጠውን እንደሚያካክስ ሁሉ ከበፊቱ አብልጦ ይነክሳል። ቀበቶውን ለመተካት ብሎ በተራ ገመድ አንገት ማነቅ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቆዳ ይልጣል፣ ትንፋሽም ያሳጥራል። ፎርሴል የተባለ ስዊድናዊ የእንስሳት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1926 የአንገት ጡንቻ የሚቆረጥበትን ቀዶ ሕክምና አስተዋውቋል፤ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ በፈረሱ ሰውነት ውስጥ ያሉ ኦፒየም መሰል ንጥረ ነገሮችን የሚያግዱ መድኃኒቶች ልማዱን ለጊዜው እንደሚያቆሙት ታይቷል። ሁለቱም ለጋሪ ፈረስ የሚታሰቡ አይደሉም።

ለሐዋሳ ግቢ የሚቀርበው ዘዴ ቀላል ነው። ሹልና ሻካራ ጠርዞችን ማስወገድ፣ ከዚያ የሚነክስበት አንድ ቦታ መተው። የተሰነጠቀ በርሜል ግርግም ከሆነ ጠርዙን በአሮጌ የጋሪ ጎማ ቁራጭ መሸፈን ይቻላል። ፈረሱ ይነክሳል፤ ጥርሱ ግን ይተርፋል። ሣሩ ከበዛለትና ጓደኛ ካገኘ ንክሻው እየቀነሰ ሊሄድ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ባይተወውም ጤነኛና የሚሠራ ፈረስ ሆኖ ለዓመታት ይኖራል።

ፈረስ ለመግዛት የሚወጣ ሰው ዕድሜውን ለማወቅ አፉን መክፈቱ አይቀርም። የሚነክስ ፈረስ ጥርሱ ስለተላገ ከዕድሜው በላይ ያረጀ መስሎ ሊታይ ይችላል። የላይ የፊት ጥርሶች የውጭ ጠርዝ ብቻውን ተስሎ ከታየ፣ ከጉሮሮው በታች ያለው ጡንቻም ከወፈረ ጠርጥሩ። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ እፍኝ ፉርሽካ ስጡትና ጠርዝ ያለው ነገር አጠገብ አቁሙት። የለመደ ፈረስ ለመደበቅ አይሞክርም። ዋጋ ማስቀነሻ ምክንያት ነው፤ ጋሪ የመጎተት አቅሙን ግን በራሱ አያሳጣውም።