የህዋሳት ሰርጎ መግባት

የህዋሳት ሰርጎ መግባት የምንለው፣ እንስሳ በሚያድግበት ጊዜ አንዳንድ ህዋሳት የህብረ ህዋስ ግርዶሽ ቀደው ወደ ሌላ ቦታ የሚያልፉበትን ሂደት ነው። እዚህ ቡራዩ ባዮሎጂ ስናስተምር ተማሪዎች ነገሩን የሚያውቁት በካንሰር ብቻ ነው። ስሙን ያጠፋው ካንሰር ነው እንጂ ሥራው ከሽል ጀምሮ ያለ ነው።

ግርዶሹ መሠረታዊ ሽፋን ይባላል። እሱ ራሱ ህዋስ አይደለም። ላሚኒንና ዓይነት 4 ኮላጅን ከመሳሰሉ ፕሮቲኖች የተሸመነ፣ ስስ ግን ጠንካራ ንጣፍ ነው። አብዛኞቹ ህዋሳት እላዩ ላይ ተደላድለው ይኖራሉ እንጂ አያልፉትም።

ለኛ አካባቢ ቅርቡ ምሳሌ የታቀፈ እንቁላል ነው። ዶሮዋ በታቀፈች በመጀመሪያው ቀን ሽሉ ላይ አንድ መስመር ይወጣል። የላይኛው ንብርብር ህዋሳት በዚያ በኩል ሽፋኑን አፍርሰው ወደ ታች ይወርዳሉ። ጡንቻ፣ ልብና ደም የሚሠሩት ከነዚህ ነው። በአራተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በስልክ መብራት ብታዩት ቀያይ የደም ስሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። አውራ ዶሮ ያልደረሰበትን የገበያ እንቁላል ይዛችሁ ግን አትልፉ። የቡራዩ ዶሮ አርቢ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቃል።

በደንብ የተጠናው ግን ዶሮ ሳይሆን ሲ. ኤሌጋንስ የተባለች ትል ናት። ርዝመቷ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጧ ከውጭ ይታያል። ሲድኒ ብሬነር ለምርምር የመረጣት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በ2002 ከጆን ሰልስተንና ከሮበርት ሆርቪትዝ ጋር ኖቤል ተሸልሞባታል። እንቁላል የምትጥለው ትል፣ የዘር ህዋሳትን ሳይጨምር፣ 959 ህዋሳት አሏት። እያንዳንዱ ከየት እንደመጣ ተመዝግቧል። እንዲህ ዓይነት የትውልድ ሐረግ የሰው ልጅ እንኳ የለውም!

ሰርጎ ገቡ መልህቅ ህዋስ የሚባል አንድ ህዋስ ነው። ትሏ ገና እጭ ሳለች ከማህጸኗ በኩል ሆኖ ከታች ምልክት ይደርሰዋል። እግር መሳይ ጫፎች አውጥቶ ሽፋኑን ይበሳና ማህጸኑን ከእንቁላል መውጫው ጋር ያገናኛል። ይህን ሲሠራ አይከፋፈልም። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መከፋፈል ከቀጠለ ሰርጎ መግባቱ ይቀራል።

ክርክሩ ሽፋኑን በምን ይቀደዋል የሚለው ላይ ነበር። ለረጅም ጊዜ መልሱ ኢንዛይም ነው ይባል ነበር። እኛ ሠፈር ሠርግ ሲኖር የሁለት ጊቢ የቆርቆሮ አጥር ይነሳል። መጀመሪያ ሚስማር የሚነቅል ሰው ይጠራል። መንቀያው ከጠፋ ጎረምሶች በትከሻቸው ይገፉታል። ህዋሱም እንደዚያው ነው። በ2019 ተመራማሪዎች የሚቆርጡትን ኢንዛይሞች የሚሠሩ 5 ጂኖችን ከትሏ ላይ አጠፉ። ህዋሱ ዘገየ፣ ግን አለፈ። ኃይል የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያዎቹን ወደ ጫፉ አሰባስቦ በጉልበት ገፋ። ካንሰርም እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል የሚሉ አሉ።

በሰው ላይ ትልቁ ምሳሌ የእንግዴ ልጅ ነው። ህዋሳቱ የእናትን ማህጸን ሰርስረው ደም ስሮቿን ያሰፋሉ። በበቂ ካልሰረጉ በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣው የደም ግፊት ጋር ይያያዛል። ከልክ ካለፉ ደግሞ የእንግዴ ልጁ በወሊድ ጊዜ አልላቀቅ ይላል።