ብስክሌት በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ መንገዱ፣ መከላከያውና የቤት ውስጥ ልምምዱ

ከአዲስ አበባ በሳይክል የሚወጣ ሰው አምስት ዋና ዋና አቅጣጫ አለው። በሰሜን እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ። በምዕራብ በቡራዩና በገፈርሳ በኩል ሆለታ። በደቡብ ምዕራብ ሰበታ። በምሥራቅ ለገጣፎና ሰንዳፋ። በደቡብ ደግሞ ቃሊቲን አልፎ ዱከምና ቢሾፍቱ። ከነዚህ ከተሞች በርከት ያሉት ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ስለ መንገዶቹ በአማርኛ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለሌለ እውቀቱ ከጋላቢ ወደ ጋላቢ በአፍ ሲተላለፍ ቆይቷል። ይህ ዳሰሳ እሱን በአንድ ቦታ ለማስቀመጥ የተዘጋጀ ነው። የሰሜኑ ክፍል በዝቶ ከታየ፣ ብዙ የሚነዳውም ብዙ የሚታወቀውም እዚያ ስለሆነ ነው።

አምስቱንም አቅጣጫ የሚያገናኘው ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። የሱሉልታ ሜዳ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። የእንጦጦ ጫፍ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። በ3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ግን ያንሳል። ከድሬዳዋ የመጣ ጠንካራ ጋላቢ እንጦጦ ላይ ቢያለከልክ ታዲያ አይገርምም። ሁለት ሦስት ሳምንት ቀስ እያለ ቢለማመድ ይለቀዋል። እዚህ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ አየር ትልቅ ሀብት ነው። ስመ ጥር ሯጮቻችን ሱሉልታ ላይ የሚለማመዱትም ለዚሁ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛውን የሠራው እዚያው ነው።

ታሪኩ ባጭሩ

ሳይክል ወደ አገራችን በስፋት የገባው በጣሊያኖች በኩል እንደሆነ ይነገራል። የተረጋገጠው ነገር ከዚያ ይበልጥ ያኮራል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተሳተፈችው በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ የሄዱት ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ ብስክሌተኞችም ነበሩ። ገረመው ደንቦባ ከነሱ አንዱ ነበሩ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ከማሸነፉ አራት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። የአገራችን የኦሎምፒክ ታሪክ ሲነሳ ሳይክል ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መኖሩን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። በትምህርት ቤት ሊነገር የሚገባው ነገር ነው።

በደርግ ዘመንም ኢትዮጵያ በሞስኮ ኦሎምፒክ ብስክሌተኞች አሰልፋለች። ወደ ኋላ ላይ ጎልታ የወጣችው መቀሌ ናት። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ትልቁን የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር፣ ቱር ደ ፍራንስን፣ በመጋለብ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀመረ። በተወሰኑ እሁዶች የተመረጡ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለሳይክል ይከፈቱ ጀመር። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ተመረቀ፤ የብስክሌት መንገድም ተሠራለት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በየጎዳናው የሳይክል መስመር ይዞ መጥቷል። መስመሩ ላይ መኪና የማቆም ልማድ ከቀረ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

እንጦጦና ሱሉልታ

እንጦጦ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ፍልውሃ ከማውረዳቸው በፊት የነበሩበት ተራራ ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ወደ ማርያም የሚወጣው አስፋልት የከተማው ጋላቢ ሁሉ የሚፈተንበት ዳገት ነው። ታች ላይ በጉልበት የጀመረ ሰው መሃል ላይ ይወርዳል። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ማቅለል፣ ትንፋሽን መጠበቅ፣ ወንበሩ ላይ ወደ ፊት ጠጋ ማለት ነው የሚያዋጣው። ሲወረድ ፈተናው ወደ ፍሬኑ ይዞራል። ፍሬን ይዞ መቆየት ቸርኬውን ወይም ዲስኩን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ይደክማል። ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ጠበቅ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ መልቀቅ ይሻላል።

ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ባሕር ዛፉ የሚገባው ቀጭን መንገድ የኛ ኩራት ነው። እነዚህን መንገዶች ሳይክል አልሠራቸውም። የሠራቸው እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች፣ አህያ የሚነዱ ገበሬዎችና ወደ ራጉኤልና ማርያም የሚሄዱ ምእመናን እግር ነው። ቅድሚያውም የነሱ ነው። ጀርባዋ ላይ እንጨት የተሸከመች እናት ጎንበስ ብላ ነው የምትሄደው። ከፊት የሚመጣውን በደንብ አታይም። በድንገት ዘወር ማለትም አትችልም። ስለዚህ ገና ከሩቅ ፍጥነት ይቀነሳል፣ በድምፅ ሰላም ይባላል፣ መንገዱ ከጠበበ ይወረዳል። በዚህ ላይ መደራደር የለም። ሱሉልታ በኩል ኦሮምኛ ተናጋሪው ይበዛልና «አካም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) ብሎ ማለፍ ጋላቢውን እንግዳ ከመሆን ያወጣዋል።

በበጋ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ግን አይታመንም። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የተላጠ ቅርፊትና ጠጣሯ ፍሬ ጎማ ሥር ይንከባለላሉ። ከዚህ የባሰው ጉቶው ነው። ዛፉ ተቆርጦ የቀረው ሹል ጉቶ ሣርና ቅጠል ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ፔዳል ያጠምዳል፣ ቅልጥም ይመታል። ቁልቁል ሲወረድ ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። አንዱ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ጉቶው ያገኘዋል። ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ጉልበትና ክርንን አላልቶ፣ ተረከዝን ዝቅ አድርጎ መቆም ነው። ዓይን የፊት ጎማው ላይ ከተተከለ ሰው ይወድቃል። መሄድ የሚፈለግበትን ቦታ ማየት ነው።

የጎማ ንፋስ ነገር ጀማሪዎችን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ጎሚስታ ቤት ሲነፋ ድንጋይ እስኪመስል ይሞላል። ለአስፋልት ይሁን። ለጫካ ግን 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ 2.2 ኢንች ስፋት ላለው የማውንቴን ጎማ፣ በጎማ ንፋስ መለኪያው ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ በቂ ነው። ለስለስ ያለ ጎማ መሬቱን ይይዛል። በጣም ካነሰ ደግሞ ድንጋይ ላይ ቸርኬው የውስጡን ጎማ ይበሳዋል። አጋምና ቀጋ ስላለም መለጠፊያ፣ ማስቲሽ፣ ትንሽ ፖምፓና አንድ ትርፍ የውስጥ ጎማ ሳይያዝ አይወጣም። እንጦጦ አናት ላይ ጎሚስታ የለም።

በክረምት ተራራውና ሜዳው ይለያያሉ። የእንጦጦ ተዳፋት ቀይ አፈር ያንሸራትታል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ ግን ቶሎ ይጠነክራል። የሱሉልታ ጥቁር አፈር ሌላ ነው። ከጎማው ጋር ተጣብቆ ፍሬኑንና ሹካውን ይሞላል፤ ጎማው መዞር ያቆማል። በዚያ ጭቃ ሳይክል በትከሻ ተሸክሞ ያልተመለሰ የሱሉልታ ጋላቢ የለም ማለት ይቻላል። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ሜዳውን ትቶ አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ መቆየት ይመረጣል። ከሰዓት በኋላ ደመና ከከበደ ከተራራው አናት መውረድ ግድ ነው፤ መብረቁ ቀልድ አያውቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ሱሉልታ ላይ የማለዳ ውርጭ አለ። ጓንት ያላደረገ ሰው ፍሬን የሚይዝበት ጣት ያጣል።

እህል ባለበት መሬት አይገባም። አጨዳ ካለቀ በኋላም ቢሆን በማሳው ዳር ባለው የእግር መንገድ መሄድ ነው። ለድርቆሽ የተከለለ ሣር ለገበሬው እንደ እህሉ ነው።

ውሻ ሲያባርር በፍጥነት ለማምለጥ መሞከር ዳገት ላይ አይሠራም። መቆም፣ መውረድ፣ ሳይክሉን በመሃል ማድረግ፣ ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን ቀድሞ ከተወሰደ ያድናል። ጅብም አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከጫካው መውጣት የቆየ ደንብ ነው።

ሌሎቹ አቅጣጫዎች

በምዕራብ በኩል ከወጨጫ ተራራ ሥር የመናገሻ ሱባ ደን አለ። የጽዱን ዘር ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው እንዳስተከሉት ይተረካል። ከአፍሪካ ቀደምት ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው የሚሉም አሉ። ከባሕር ዛፍ ጫካ የሚለየው ጥላውና ለስላሳ መሬቱ ነው። የሰንዳፋ መንገድ ሜዳ ስለሆነ ለኮርሳ (ቀጭን ጎማ ላለው የአስፋልት ሳይክል) ይመቻል፤ ንፋሱ ግን ያደክማል። ወደ ቢሾፍቱ የሚወርደው የድሮው መንገድ ከባድ መኪና ይበዛበታል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለሳይክል አልተፈቀደም።

ሄልሜትና ሌሎች መከላከያዎች

ለሳይክል ከሚወጣው ገንዘብ ቀድሞ መውጣት ያለበት የሄልሜቱ ነው። ውስጡ ያለው ፎም ሲመታ ተጨፍልቆ ጉልበቱን ይቀበላል። አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ስለዚህ ከባድ ውድቀት ያየ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ያገለገለ ሄልሜት የማይገዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምን እንዳሳለፈ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ያገለገለ ሳይክል ግን በደንብ ከታየ ምንም አይደለም። ሲገዙ ውስጡ የተለጠፈውን ምልክት ማየት ነው። የአውሮፓው ኢኤን 1078፣ የአሜሪካው ሲፒኤስሲ ይባላል። ምልክት የሌለው ጌጥ ነው።

አደራረጉም ወሳኝ ነው። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይተርፋል። ግንባርን ገልጦ ወደ ኋላ የተንጋለለ ሄልሜት በፊቱ ለወደቀ ሰው አይጠቅምም። የፊትና የኋላ ማሰሪያዎቹ ከጆሮ ሥር ይገናኛሉ። አገጭ ሥር አንድ ጣት ብቻ ማስገባት አለበት። ጸጉራቸውን የተሠሩ ሴቶች መጠኑን ሲለኩ በተሠራው ጸጉር ላይ ይለኩ፤ ሹሩባው ሲፈታና ሲሠራ ልኩ ይለያያል።

መነጽር ለአቧራ፣ ለነፍሳትና ለፀሐይ ነው። ከፍታ ሲጨምር የፀሐዩ ጨረርም ይጠነክራል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል። ደመና ቢኖርም ፊትና ክንድ ይቃጠላሉ። ጓንት መዳፍን ከጠጠር ያድናል። የጉልበትና የክርን መከላከያ ጫካ ለሚገባ ጀማሪ ይመከራል።

በዳርቻው አስፋልት ላይ ትልቁ አደጋ ሲኖትራክ ነው። አሸዋና ጠጠር የሚያመላልሱት ከባድ መኪኖች የቀኝ ጎናቸውን በደንብ አያዩም። ሲታጠፉ በቀኛቸው መጠጋት ሕይወት ያሳጣል። አንፀባራቂ ሰደርያ ማድረግ፣ ቀንም ቢሆን ከኋላ ቀይ መብራት ማብራት፣ በቀኝ ጠርዝ ሆኖ ግን ጭራሽ ቦይ ውስጥ ሳይገቡ ቀጥ ብሎ መንዳት ይረዳል። ከመኪና በተቃራኒ መንዳት «ፊት ለፊት ስለማየው ይሻላል» በሚል ሰበብ ይደረጋል። ስህተት ነው። ግጭት ቢመጣ የሁለቱ ፍጥነት ይደመራል።

ቤት ውስጥ

ክረምቱ ሲከብድ ጋላቢው ወደ ቤት ይገባል። የኋላ ጎማው ሮለር ላይ ተደግፎ የሚዞርበት ትሬነር በብዛት የሚገኘው ዓይነት ነው። በማግኔት ወይም በፈሳሽ ስለሚከብድ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ ለኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኙት ዘመናዊዎቹ ውድ ናቸው፤ ብዙዎቹም ያለ መብራት ክብደታቸውን አያስተካክሉም። ትሬነር የሌለው ጂም ሄዶ ስፒኒንግ (ባለበት የቆመ ሳይክል ላይ የሚሠራ ልምምድ) ቢይዝ ልቡና እግሩ ያው ይጠነክራሉ።

ቤት ውስጥ ንፋስ ስለሌለ ላቡ አይደርቅም። ሰውነት ቶሎ ይግላል፣ የልብ ምት ሳያስፈልግ ይወጣል። ቬንትሌተር ከሌለ መስኮትና በር ከፍቶ በመሃል መቀመጥ። ፎጣ መሪው ላይ ማንጠፍ፤ ላብ ጨው ነው፣ ብረትና ብሎን ያዝገዋል። ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከሥር ወፍራም ላስቲክ ወይም የቆየ ምንጣፍ ያንጥፍ። ከታች ያለው ጎረቤት የሚሰማው ድምፁን ብቻ ሳይሆን ንዝረቱንም ነው። ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ባይጀመር ይመረጣል።

ረጅም ሰዓት መቀመጥ አያስፈልግም። 10 ደቂቃ ማሟሟቅ። ከዚያ 4 ደቂቃ አጥብቆ፣ 3 ደቂቃ ለቀቅ አድርጎ፣ ይህን አራት ጊዜ መደጋገም። በመጨረሻም 10 ደቂቃ ማቀዝቀዝ። አጥብቆ ማለት ከሁለት ሦስት ቃል በላይ መናገር ሲያቅት ነው። በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። ሌላው ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ የሚነዱት ቀላል ልምምድ ይሁን። እግር በደቂቃ ከ80 እስከ 95 ጊዜ ቢዞር ጉልበት አይጎዳም።

ትሬነር ሚዛን፣ መታጠፍና ፍሬን አያስተምርም። ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ የጠነከረ ሰው በመስቀል ሰሞን እንጦጦ ጫካ ሲገባ እግሩ ፈጣን፣ እጁ ግን የተረሳ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀላል መንገድ ላይ ማሳለፍ ይኖርበታል።

አደጋ ሲደርስ

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም መንዳት ማቆም አለበት። ማስመለስ፣ እየጨመረ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። አንገቱን የሚያመው ሰው ካለበት አይነሳም፤ አምቡላንስ ይጠበቃል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ደግሞ 939። ጫካ ውስጥ ስልክ ሊቆራረጥ ስለሚችል ከመውጣት በፊት በየትኛው መንገድ እንደሚወጣና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለቤተሰብ መንገር ያስፈልጋል። ብቻውን የሚወጣ ሰው ስሙንና የቅርብ ሰው ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ የተቆለፈ ስልክን መንገደኛ ሊከፍተው አይችልም።