የባለጉዳይን ጉዳይ ለሚጨርሱ የመንግሥት ድረ ገጾች የሚሰጥ እውቅና

ለመንግሥት ድረ ገጾች የሚሰጥ እውቅና ዜጎች ጉዳያቸውን በኢንተርኔት እንዲጨርሱ ያስቻሉ መሥሪያ ቤቶች ተመዝነው የሚመሰገኑበት አሠራር ነው። ሦስት መልክ አለው። አንዱ ውድድር ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ያመለክታሉ፣ ዳኞች ይመርጣሉ፣ ዋንጫ ወይም የምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሌላው የደረጃ ሰንጠረዥ ሲሆን ማንም ሳያመለክት ሁሉም ይለካል። ሦስተኛው ማረጋገጫ ነው፤ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ ያገኘዋል እንጂ አንደኛና ሁለተኛ የለውም። ሦስቱ ብዙ ጊዜ ቢምታቱም የሚሠሩት ሥራ የተለያየ ነው። ውድድር ጥቂት ጥሩ ሥራዎችን ያጎላል፤ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ዝቅተኛውን ወለል ከፍ የሚያደርገው ግን ማረጋገጫ ነው።

እውቅናው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የመንግሥትን ድረ ገጽ ከሱቅ ድረ ገጽ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። የሱቁ ድረ ገጽ ካስቸገረ ደንበኛው ከሌላ ይገዛል፤ ባለሱቁም ገቢው ሲቀንስ ችግሩ ይገባዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ወይም ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት አንድ ነው፤ ድረ ገጹ እምቢ ያለው ባለጉዳይ ሄዶ የሚሰለፈው እዚያው መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ነው። የድረ ገጹ ድክመት የሚታየው በሰልፍ ነው፣ ሰልፉን ደግሞ ድረ ገጹን የሚሠራው ክፍል አያየውም። በተቃራኒው ሥራው ሲሳካ የሚሆነው ነገር ማንም አለመምጣቱ ነው፤ ያልመጣን ሰው ቆጥሮ የሚያመሰግን አለቃ ደግሞ ብዙ አይገኝም። አሥር ገጽ ቅጽ ወደ ሦስት ያወረደ ባለሙያ ስሙ የሚነሳበት መድረክ ሊኖር የሚገባው ለዚህ ነው።

አመጣጡ

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢ-መንግሥት ጥናቱን የጀመረው በ2001 ሲሆን ዛሬ በየሁለት ዓመቱ 193ቱንም አባል አገሮች ይለካል። የሚወጣው ነጥብ የሦስት ነገሮች አማካይ ነው፦ የኦንላይን አገልግሎት፣ የቴሌኮም መሠረተ ልማት እና በትምህርት የሚለካ የሰው ሀብት። ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው ይህን ካላወቀ ይሳሳታል። የአንድ አገር ደረጃ ከፍ ያለው ኢንተርኔት ስለተስፋፋ ወይም ትምህርት ስለተዳረሰ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ድረ ገጾቹ ለማወቅ የኦንላይን አገልግሎቱን ነጥብ ለብቻው ነጥሎ ማየት ያስፈልጋል። ዴንማርክ በ2018፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በጠቅላላው ሰንጠረዥ አንደኛ ሆናለች። በ2018 ደግሞ 40 ከተሞችን በመያዝ የማዘጋጃ ቤቶች ድረ ገጾች ለብቻቸው መለካት ጀመሩ። አብዛኛው ሰው መንግሥትን የሚያገኘው በማዘጋጃ ቤት በኩል ነውና ይህ ጭማሪ ትልቅ ዋጋ አለው። ከጥናቱ ጎን ድርጅቱ ከ2003 ጀምሮ የሕዝብ አገልግሎት ሽልማት ይሰጣል።

የአውሮፓ ኅብረት ምዘና ሌላ መንገድ ይከተላል። አገልግሎቶችን በመሥሪያ ቤት ስም ሳይሆን ሰው በሚገጥመው የሕይወት አጋጣሚ ይከፍላቸዋል፤ ንግድ መጀመር፣ ሥራ መፈለግ፣ ቤት መቀየር የመሳሰሉትን። ገምጋሚዎች ማንነታቸውን ሳይገልጡ እንደ ተራ ዜጋ ከመጀመሪያው ፍለጋ ጀምረው መንገዱን ይሄዱበታል። ህንድ በ2009 ዌብ ራትና የተባለ ለመንግሥት ድረ ገጾች ብቻ የሚሰጥ ሽልማት አቋቁማለች፤ በዚያው ዓመት የመንግሥት ድረ ገጾች መመሪያ ማውጣቷም ጠቃሚ ነበር፤ መስፈርት ሳይወጣ ሽልማት ቢሰጥ ዳኛው በዓይኑ ደስ ባለው ይፈርዳል።

በብዛት የሚጠቀሰው ምሳሌ የብሪታንያው ጎቭ ዶት ዩኬ ነው። በጥቅምት 2012 ሁለት ትልልቅ የመንግሥት ድረ ገጾችን ተክቶ ሥራ ጀመረ፣ ቀስ በቀስም የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን ገጾች ወደ አንድ አመጣ። በ2013 የለንደኑ የዲዛይን ሙዚየም የዓመቱ ምርጥ ዲዛይን ብሎ ሸለመው። ሕንፃዎች በተወዳደሩበት ዓመት ያሸነፈው ድረ ገጽ ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ላይ የሰፈረበት፣ ጌጥ የሌለው ነበር። ከሽልማቱ በላይ የቆየው ግን መስፈርቱ ነው። በ2014 የወጣው የአገልግሎት ደረጃ 26 ነጥቦች ነበሩት፤ በ2015 ወደ 18፣ በ2019 ወደ 14 ወርደዋል። የቁጥሩ መቀነስ የሚያስተምረው አለ፤ የተንዛዛ መስፈርት ሁሉም ላይ ምልክት ተደርጎበት አልፎ ምንም ሳይለካ ይቀራል።

ምን ይለካል

ብሪታንያ አገልግሎቶቿን በአራት ቁጥሮች ስትከታተል ነበር፦ ጀምረው የጨረሱት ስንት በመቶ ናቸው፣ ተገልጋዩ ምን ያህል ረክቷል፣ አንድ ጉዳይ ለመፈጸም ስንት ወጪ ይጠይቃል፣ ከጠቅላላው ባለጉዳይ ኦንላይን የሚጠቀመውስ ምን ያህሉ ነው። የቀሩት ሦስቱ ትርጉም የሚኖራቸው ከመጀመሪያው በኋላ ነው። 1,000 ሰዎች ማመልከቻ ጀምረው 640 ከጨረሱ የመጨረስ መጠኑ 64 በመቶ ነው፤ የሚቀጥለው ጥያቄ 360ዎቹ በየትኛው ገጽ ላይ ቀሩ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ አንድ ገጽ ይሆናል፤ አካውንት መክፈቻው ወይም ሰነድ መጫኛው።

ይህ ቁጥር በቀላሉ ሊያሳስት ይችላል። አመልካች መሥሪያ ቤቶች ቆጠራውን የይለፍ ቃል ከገባ በኋላ ይጀምሩና 95 በመቶ ብለው ያቀርባሉ፤ በሩ ላይ የተመለሱት ሰዎች ጭራሽ አልተቆጠሩም። የእርካታ መጠይቅም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። መጠይቁ የሚወጣው ‹‹ማመልከቻዎ ደርሶናል›› ከሚለው ገጽ ላይ ከሆነ የሚመልሱት የተሳካላቸው ብቻ ናቸው። ጠንቃቃ ዳኛ ሁለቱንም ከየት ጀምሮ እንደተቆጠረ በጽሑፍ ይጠይቃል። አሥር ጥያቄዎች ያሉት፣ በ1986 የወጣው የአጠቃቀም ምቾት መለኪያም ይረዳል፤ አማካይ ውጤቱ 68 ገደማ ሲሆን መቶኛ ስላልሆነ 68 ማለት መካከለኛ ማለት ነው።

ሌላው የማይታለፍ ነገር ተደራሽነት ነው። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የመጨረሻ እትሙ 2.2 በጥቅምት 2023 ወጥቷል። መካከለኛ ደረጃው በጽሑፍና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ 1 የብሩህነት ልዩነት ይጠይቃል፤ የሚነካ ቁልፍ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ቢያንስ 24 በ24 ፒክስል እንዲሆን ይላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት የመንግሥት ድረ ገጾች እስከ መስከረም 23 ቀን 2020 ተደራሽ እንዲሆኑና ምን እንደጎደላቸው የሚገልጽ መግለጫ እንዲያወጡ አስገድዷል። ይህን ወለል ያላለፈ ድረ ገጽ ሌላው ሁሉ ቢያምርበት ሊሸለም አይገባም። የመንግሥት አገልግሎት ዓይነ ስውሩንም ያለ ምርጫ የሚያገኘው ነውና።

ገጹን ቀርቦ ማየት

አንድ ገምጋሚ በ15 ደቂቃ ውስጥ ብዙ ማወቅ ይችላል። ማውሱን ነቅሎ ታብ የሚለውን ቁልፍ ብቻ እየተጫነ ቅጹን ለመሙላት ይሞክር። ያለበትን ሳጥን የሚከብበው መስመር ይታያል? ቀን መምረጫው ሲከፈት ከውስጡ መውጣት ይቻላል? ብዙ ቅጾች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ቀን መቁጠሪያው የሚሠራው በማውስ ብቻ ነው፣ የ1950 የልደት ዓመት ላይ ለመድረስም ወሩን ወደኋላ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ መጫን ይጠይቃል። ቀን፣ ወርና ዓመት የሚጻፍባቸው ሦስት ተራ ሳጥኖች ይህን ሁሉ ያስቀራሉ።

ቀጥሎ ሆን ብሎ ይሳሳት። ባለጉዳዩ በስልኩ ያነሳው ፎቶ 4 ሜጋባይት ነው እንበል፣ ስርዓቱ የሚቀበለው እስከ 1 ሜጋባይት። ደካማው ድረ ገጽ ላክ የሚለው ሲነካ በቀይ ‹‹ስህተት ተፈጥሯል›› ብሎ የተሞላውን ሁሉ ያጠፋል። የተሻለው ‹‹ፎቶው ከ1 ሜጋባይት በልጧል፣ ሌላ ይምረጡ›› ይላል፣ የተሞላውንም ይዞ ይቆያል። ጥሩው ግን ፎቶውን ራሱ አሳንሶ ተቀብሎ ያልፋል፤ ባለጉዳዩ ሜጋባይት የሚባል ነገር መኖሩንም ሳያውቅ።

ፍጥነት በቢሮ ኮምፒውተር መለካት የለበትም። ዋጋው ዝቅ ባለ ስልክና በደካማ ኔትወርክ ይሞከር። ጉግል የሚመክረው መለኪያ ዋናው ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ፣ ሲነካ የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ ከ200 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ገጽ የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚሽከረከረው የስብሰባ ፎቶ ነው፤ ለአገልግሎቱ ምንም አይጠቅምም።

የመጨረሻው ፈተና ከድረ ገጹ ውጪ ነው። ቅጹ ኦንላይን ተሞልቶ፣ ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ስካን ተደርጎ፣ ከዚያም ዋናው ቅጂ በአካል ይቅረብ ከተባለ ባለጉዳዩ ያተረፈው ነገር የለም። መንግሥት ራሱ የሰጠውን ማስረጃ መልሶ ከዜጋው መጠየቅም እንዲሁ ነው። ኢስቶኒያ በ2001 ኤክስ-ሮድ የተባለውን የመረጃ መለዋወጫ ስትዘረጋ መሥሪያ ቤቶች መረጃውን እርስ በርሳቸው እንዲጠያየቁ አድርጋለች። ዳኞች ከሚታየው ገጽ ጀርባ ያለውን ይህን ሥራ ካልመዘኑ ሽልማቱ የሚሄደው ለቀለም ነው።

ምዘናው ሲካሄድ

መስፈርቱና የነጥብ ክፍፍሉ ማመልከቻ ከመጀመሩ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድሞ ይፋ መሆን አለበት፤ መሥሪያ ቤቶች በዚያ ጊዜ የሚያስተካክሉት ነገር ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው። የሚሠራ ክፍፍል ጉዳይን ለመጨረስ 40፣ ለተደራሽነት 25፣ ለቋንቋ ግልጽነት 15፣ ለፍጥነትና አለመቋረጥ 10፣ ለግላዊነትና ደኅንነት 10 ነው። ለመልክ የተለየ ነጥብ አያስፈልግም፤ ጥሩ ዲዛይን በመጀመሪያው 40 ውስጥ ይታያል።

የማጣሪያው ዙር በአውቶማቲክ መሣሪያ ሊሠራ ይችላል፣ መሣሪያው ግን የተደራሽነትን ችግር ከፊሉን ብቻ ነው የሚያገኘው። ለምስል የተሰጠ መግለጫ መኖሩን ያያል፤ መግለጫው ‹‹ምስል 3›› የሚል መሆኑ አይከፋውም። ስለዚህ ካለፉት መካከል ለእያንዳንዱ ድረ ገጽ 5 ወይም 6 ሰዎች የተግባር ካርድ ይዘው ይሞክራሉ፤ ከእነርሱ ቢያንስ አንዱ በስክሪን አንባቢ (ገጹን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም፣ አንዱ ደግሞ ለኢንተርኔት አዲስ የሆነ ይሁን። ካርዱ የመሥሪያ ቤቱን ስም አይጠቅስም። ‹‹መታወቂያህ ጠፍቷል፣ ምትክ አውጣ›› ይላል እንጂ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚገባ አይናገርም፤ መንገዱን ማግኘት የፈተናው አካል ነው። መሥሪያ ቤቱ ለዳኞች ብሎ የሚያዘጋጀው የሙከራ አካውንት ተቀባይነት የለውም፤ እዚያ ላይ ሁሉ ነገር ቀድሞ ጸድቆ ይጠብቃል።

የሚበላሸው የት ላይ ነው

ትልቁ ስህተት ገና የተመረቀ ድረ ገጽ መሸለም ነው። የአሜሪካው የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ በጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ችግሩ የታየው እውነተኛው ሕዝብ ሲገባበት ነው፤ ጥገናው ከታየ በኋላም በ2014 የአገሪቱ የዲጂታል አገልግሎት ቡድን ተቋቋመ። ስለዚህ ለመወዳደር ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በሥራ ላይ መቆየት፣ በተለይም እንደ ግብር ማሳወቂያ ያለ የተጨናነቀ ወቅትን ማለፍ መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው የጥቅም ግጭት ነው። ድረ ገጹን የገነባው ድርጅት የዝግጅቱን ወጪ ከሸፈነ ወይም ሠራተኛው ዳኛ ከሆነ ውጤቱን የሚያምን አይኖርም። የመመዝገቢያ ክፍያም ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶችን ያስቀራል፤ ከሚኒስቴር ጋር በአንድ ምድብ ማወዳደራቸውም አግባብ አይደለም፣ በሚያገለግሉት ሕዝብ ብዛት መከፋፈል ይሻላል። የምድብ ብዛት ደግሞ በሌላ በኩል ያበላሻል፤ 30 አመልካቾች ባሉበት 25 ምድብ ከተከፈተ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም።

ዋንጫው ከተሰጠ በኋላ የሚሆነውም እንዲሁ ነው። ቡድኑ ይበተናል፣ በጀቱ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ይሄዳል፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተገኘ የሽልማት አርማ ግን በፊት ገጹ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አርማው የሚያበቃበት ቀን ሊጻፍበት ይገባል፤ ሁለት ዓመት በቂ ነው። በመሃሉም ሳይነገር ድጋሚ ሙከራ ተደርጎ ወለሉን ያላለፈው ይነጠቃል። ላላሸነፉት ደግሞ ከደብዳቤ ይልቅ ሪፖርት ይላክላቸው፦ ሞካሪዎቹ የቆሙበት ገጽ፣ የወጣው የስህተት መልእክት ቃል በቃል፣ ቢስተካከል ብዙ ሰው የሚያሳልፈው አንድ ነገር። ለሽልማት ያልበቃ የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ በማግስቱ ጠዋት ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ወረቀት ነው።